ነጥቧ የታለች?

የጥንት ግሪክ ጽሑፎች ፕሮጀክት ላይ ፕሮግራመር ሆኜ ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት ፕሮፌሰሯ አንድ የታተመ ወረቀት ይዘው ቢሮዬ መጡ። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉትና አንድ ፊደል በእርሳስ ከበቡ።

«ይህን ፊደል ያነበበው ማነው?»

እዚህ ጀርመን ብዙ ጊዜ አለቃም ሠራተኛም «እርስዎ» ነው የሚባባለው። «እርስዎ ነዎት፤ ከእርስዎ ፋይል ነው የመጣው» አልኳቸው።

«እኔ አላነበብኩትም። እዚህ ቦታ ላይ ፓፒረሱ ተቀዷል። የተረፈችው አንዲት ቀጥ ያለች ጭረት ናት። የግሪኩ ፊደል ኤታም ልትሆን ትችላለች፣ ኒውም ልትሆን ትችላለች። ለዚህ ነው ከሥሯ ነጥብ ያደረግኩት። ነጥቧ የታለች?»

ነጥቧን የበላኋት እኔ ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮጀክቱ ከኢሊያድ (ከሆሜር የጥንት ግሪክ ግጥም) የተወሰነ ክፍል ወስዶ፣ ከግብፅ አሸዋ የወጡ የፓፒረስ (ከደንገል የተሠራ የጥንት ወረቀት) ቁራጮችንና የመካከለኛው ዘመን ብራናዎችን ጎን ለጎን የሚያሳይ ዲጂታል እትም ማዘጋጀት ነበር። ምሁራኑ የእያንዳንዱን ቁራጭ ንባብ ለዓመታት በዎርድ ሲጽፉ ቆይተዋል። የኔ የመጀመሪያ ሥራ ያንን ወደ ኤክስኤምኤል (የጽሑፉን ክፍሎች ታግ በሚባል ምልክት ለይቶ ለኮምፒውተር የሚያስረዳ አጻጻፍ) መቀየር ነበር። ስክሪፕት ጻፍኩ። የግሪክን የአክሰንትና የትንፋሽ ምልክቶች (በፊደል ላይ የሚቀመጡ የአነባበብ ምልክቶች ናቸው) ዝርዝር ሰጠሁት። ከዝርዝሩ ውጭ ያለውን ተለጣፊ ምልክት ሁሉ ደግሞ እንዲጥል አዘዝኩት። «የማላውቀው ምልክት ከሆነ የዎርድ ቆሻሻ ነው» ብዬ። ከፊደል በታች የምትቀመጠዋ ነጥብ በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደልና ምልክት ቁጥር በሚሰጠው መስፈርት) ቁጥር 803 ናት። ዝርዝሬ ውስጥ አልነበረችም። በአንድ ምሽት ከሁሉም ፋይሎች ተጠርጋ ወጣች።

እኔ አዲስ አበባ ሳለሁ ስሠራ የኖርኩት የገንዘብ መላኪያ አፕ ላይ ነው። እዚያ «ምናልባት 100 ብር» የሚባል ነገር የለም። ወይ አለ ወይ የለም። እዚህ ግን ግማሹ መረጃ «ምናልባት» ነው። ያቺ ነጥብ የምትለው «ይህን ፊደል ያየሁት በከፊል ነው፣ እርግጠኛ አይደለሁም» ነው። እሷን ሳጠፋ ምሁሯ ያላሉትን ነገር በስማቸው ተናገርኩ። ፊደሉ አልተቀየረም፤ ምስክርነቱ ግን ተቀየረ።

እነዚህ ምልክቶች የግል ልማድ አይደሉም። ምሁራን በ1931 ላይደን ከተማ ላይ የተስማሙባቸው ናቸው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አራት ማዕዘን ቅንፍ ማለት ጽሑፉ ጠፍቷል፣ በውስጡ ያለውን የሞላው አርታዒው ነው ማለት ነው። ክብ ቅንፍ በአጭሩ የተጻፈን ቃል ሲያሰፉ የሚጨመረውን ያሳያል። ድርብ አራት ማዕዘን ደግሞ የጥንቱ ጸሐፊ ራሱ ፍቆ ያጠፋው ነው። ቲኢአይ ምሁራን ጽሑፍን በኤክስኤምኤል የሚያዘጋጁበት መስፈርት ነው፤ ኤፒዶክ የሚባለው ዘርፉ ለእያንዳንዱ ታግ አለው፤ ነጥቧ «አንክሊር» ትሆናለች፣ የተሞላው «ሰፕላይድ»፣ ባዶው ክፍተት «ጋፕ»። ቅንፉን እንደ ጌጥ አይተህ ካለፍከው እትሙን ሳይሆን የእትሙን ፎቶ ነው የሠራኸው። ታግ ካደረግከው ግን ኮምፒውተሩን «እርግጠኛ በሆኑ ፊደላት ብቻ የተነበቡትን ቃላት አውጣ» ማለት ትችላለህ።

ደግነቱ የዎርድ ፋይሎቹን አልነካኋቸውም ነበር። እንደገና ለመቀየርና እያንዳንዱን ገጽ ከዋናው ጋር ለማመሳከር ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ልማድ ይዣለሁ። የመጣልኝን ዋና ፋይል ማንም፣ እኔም ጭምር፣ እንዳይጽፍበት ቆልፌ አስቀምጣለሁ። ስክሪፕቴ ደግሞ የማያውቀው ምልክት ሲገጥመው አይጥልም፤ ቀጥ ብሎ ይቆምና ይጮሃል።

ከዚያ በፊት ግን የፊደል ቆጠራ አለ። አዲስ ፋይል ሲመጣ መጀመሪያ የማደርገው እሱን ነው። በፋይሉ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን የተለየ ምልክት፣ ስንት ጊዜ እንደመጣ፣ የዩኒኮድ ስሙንም ጭምር በሠንጠረዥ አወጣለሁ። በፓይተን ቋንቋ ከአሥር መስመር ኮድ አይበልጥም። የሚወጣው ጉድ ግን አያልቅም። በግሪክ ቃል መሀል የገባ የላቲን «ኦ» ታገኛለህ። በዓይን ከኦሚክሮን አይለይም። ዓይን የማያየው ዜሮ ስፋት ያለው ክፍተት ታገኛለህ። አንድ ጊዜ ብቻ የመጣ እንግዳ ምልክት ካየህ ወይ የትየባ ስህተት ነው፣ ወይ ደግሞ በፋይሉ ውስጥ ካለው ሁሉ ውድ የሆነው ነገር ነው። የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ምሁሩ ነው። ሠንጠረዡን አትመህ ይዘህለት ሂድ።

ከድሮ ዲስክ የወጣ ፋይል ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ ግሪክ፣ ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደል ትርምስ ነው። በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ከፍቶ የደነገጠ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። ከዚያም የሚብስ ቤታ ኮድ የሚባል አለ። ዴቪድ ፓካርድ በ1970ዎቹ የፈጠረው ነው። ግሪኩ በተራ የላቲን ፊደል ይጻፋል፣ አክሰንቱ በእዝባርና በእኩል ይሆናል ምልክት፣ ትንፋሹ በክብ ቅንፍ። አማርኛን በላቲን ፊደል ቴክስት እንደማድረግ በለው፣ ይሄኛው ግን ጥብቅ ሕግ አለው። እኔ ቅንፎቹን እውነተኛ ቅንፍ መስለውኝ «ለምን ሁሉም ሳይዘጉ ተከፍተው ቀሩ?» ብዬ ግማሽ ቀን ባክኛለሁ። በቤታ ኮድ ወደ ግራ የዞረው አንድ የትንፋሽ ዓይነት፣ ወደ ቀኝ የዞረው ሌላ ነው። መዝጊያ የሚባል ነገር የለም።

ፍለጋው ላይ ደግሞ ሌላ ውርደት ጠበቀኝ።

ገጹ ተሠርቶ አለቀ፣ የፍለጋ ሳጥኑም ተቀመጠ። ፕሮፌሰሯ ወንበር ስበው ተቀመጡና የኢሊያድን ሁለተኛ መስመር የመጀመሪያ ቃል ጻፉ። «ኡሎሜኔን» ነው የሚለው። የአኪሌስን ቁጣ «አጥፊው፣ የተረገመው» የሚልበት ቃል ነው። ውጤት፦ 0። ቃሉ እኮ ከሳጥኑ ሥር በትልቁ ተጽፎ ይታያል። ሁለታችንም ስክሪኑን አየነው። እሳቸው ምንም አላሉም። ዝምታቸው ከፋብኝ።

ቃሉ ውስጥ አክሰንት ያለበት አንድ «ኤ» አለ። በዩኒኮድ ይህ ፊደል ሁለት ቦታ ተቀምጧል። አንዱ ለዘመናዊ ግሪክ በተሠራው ክፍል ቁጥር 941፣ ሌላው ለጥንቱ በተጨመረው ክፍል ቁጥር 8051። በዓይን አንድ ናቸው። የዩኒኮድ ሕግም «እነዚህ አንድ ናቸው» ይላል። ኮምፒውተሩ ግን ቁጥር ነው የሚያየው። የእሳቸው ኪቦርድ 941ን ይጽፋል፤ ከሌላ ምንጭ የወሰድነው ጽሑፍ 8051 ነበር።

መድኃኒቱ አንድ መስመር ኮድ ነው፤ ኤንኤፍሲ የሚባለው የዩኒኮድ ማስተካከያ ሁለቱንም ወደ 941 ያመጣቸዋል። ጽሑፉ ሲገባም፣ ፈላጊው የጻፈው ቃል ሲመጣም ማለፍ አለበት። አንዱን ብቻ ካሳለፍክ ምንም አልሠራህም።

ደስ ብሎኝ በማግስቱ ጠራኋቸው። ኡሎሜኔን ተገኘ። አሁን ደግሞ ከመጀመሪያው መስመር «ቴያ» የሚለውን ጻፉ፤ «እንስት አምላክ ሆይ» እንደማለት ነው። ውጤት፦ 0።

ይሄኛው ባግ (የኮድ ስህተት) አልነበረም፤ ሰዋስው ነው። ቃሉ መዝገበ ቃላት ውስጥ ወደ ላይ የሚወጣ አክሰንት አለው። በመስመሩ ውስጥ ግን ሌላ ቃል ስለሚከተለው አክሰንቱ ወደ ታች ይገለበጣል። የግሪክ ደንብ ነው። ለአንባቢ ያው አንድ ቃል፣ ለዩኒኮድም ለኔም ሁለት።

እዚህ ላይ አማርኛ ረዳኝ። እኛ «ፀሐይ» ብለን እንፈልጋለን፣ ጽሑፉ ውስጥ «ጸሃይ» ተብሎ ተቀምጧል። «ኃይሌ» እንላለን፣ መዝገቡ ላይ «ሃይሌ» ነው። ሰው ያነባል፣ ኮምፒውተር ይስታል። ለአማርኛ ፍለጋ የሠራ ሰው ሀ፣ ሐ እና ኀን አንድ አድርጎ የሚያይ ስውር ቅጂ ያዘጋጃል እንጂ ዋናውን ጽሑፍ አይነካም። ለግሪክም እንደዚያው አደረግኩ። ለእያንዳንዱ ቃል አክሰንትና ትንፋሹ የተነሣለት፣ ትልልቁ ፊደል ወደ ትንሽ የተቀየረ፣ በቃል መጨረሻ የሚመጣው ሲግማና በመሀል የሚመጣው አንድ የሆኑለት ጥላ አዘጋጀሁ። ፍለጋው ጥላው ላይ ይካሄዳል፣ የሚታየው ዋናው ነው። ፓፒረስ አንባቢዎች የሚወዱት የጨረቃ ቅርጽ ያለው ሲግማ (ቁጥር 1010) ግን በተለመደው የትልቅና ትንሽ ፊደል ማስተካከያ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም። በእጅ ካላከልከው ተነጥሎ ይቀራል።

ጥላው ሲሠራ ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። እኔ መጀመሪያ ትልቁን ፊደል ወደ ትንሽ ቀየርኩ፣ ቀጥዬ ምልክቶቹን አነሳሁ። አንዳንድ የግሪክ አናባቢ ከሥሩ የተንጠለጠለች ደቃቅ ኢዮታ አለችው። ትልቁን ፊደል ወደ ትንሽ የሚቀይረው የፓይተን ትእዛዝ፣ ኬዝፎልድ፣ ያቺን ኢዮታ ከሥር አውጥቶ ጎን ያስቀምጣታል። «ቶ» የነበረው «ቶይ» ይሆናል፣ የቃሉም ርዝመት በአንድ ይጨምራል። በዚህ የተነሳ ፍለጋው ያገኘውን ቃል በቢጫ ሲቀልም አንድ ፊደል እያሳለፈ ነበር። ምልክቶቹን በቅድሚያ ብታነሳ ኖሮ ኢዮታዋ አብራ ትጠፋለች፣ «ቶ» ብቻ ይቀራል። የትኛው ይሻላል? ይህ የኮድ ጥያቄ አይደለም። በጥንት ጽሑፎች ኢዮታዋ ጎን ተጽፋ ትገኛለች፣ ሌላ ጊዜ ጭራሽ ትቀራለች። ፕሮፌሰሯን ጠየቅኩ፤ «ሁለቱም ይገኙ» አሉ። ስለዚህ ሁለት ጥላ አለን።

ሁሉንም ምልክት ማንሳትም ዋጋ ያስከፍላል። ኤታ የምትባለዋ አንዲት ፊደል እንደ አክሰንቷና እንደ ትንፋሿ «ወይም» ትሆናለች፣ «በእርግጥ» ትሆናለች፣ የሴት መስተአምር ትሆናለች፣ ለሴት የሚሆን «የ…ችው» (እንደ «የመጣችው») ትሆናለች፣ ሌላም ትሆናለች። ምልክቱን ስታነሳ ሁሉም አንድ ክምር ይሆናሉ። እኛ ከፍለጋ ሳጥኑ ሥር «ምልክት ይቆጠር» የሚል ምርጫ አድርገናል። ሲከፈት ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ምሁራኑ ያበሩታል፣ ተማሪዎቹ አይነኩትም።

አንድ ወጥመድ ልጨምር፣ አንድ ከሰዓት በልቶብኛል። ፊደልና ምልክት ተነጣጥለው በተቀመጡበት ጽሑፍ (ኤንኤፍዲ የሚባለው ነው) ላይ በፓይተን ሬጌክስ (የጽሑፍ መፈለጊያ ቀመር) «የቃል ፊደል» የሚለውን አቋራጭ ከተጠቀምክ፣ እያንዳንዱ አክሰንት ላይ ቃሉን ይቆርጠዋል። ተለጣፊ ምልክት ለሱ ፊደል አይደለም። አንድ ቃል ሦስት ቁራጭ ሆኖ ይወጣል።

ሌላም ጭረት አለች። እዚያው ሁለተኛው መስመር ላይ «ሚዩሪ» የሚል ቃል አለ፣ «እልፍ» ማለት ነው። የመጨረሻ አናባቢው ስለወደቀ በቦታው ጭረት አለ። ያቺ ጭረት በፋይሎቻችን ውስጥ በአራት ዓይነት ምልክት ተጽፋ አገኘኋት፤ 39፣ 700፣ 8125 እና 8217። ኤንኤፍሲ አራቱን አንድ አያደርግም። ኤንኤፍኬሲ የሚባለው ጠንከር ያለው ማስተካከያ ይሻላል ብዬ ብሞክር፣ 8125ን ወደ ባዶ ቦታና ተለጣፊ ምልክት ቀየረው። በቃሉና በጭረቱ መሀል ባዶ ቦታ ገባ። ከዚያ ወዲያ በጥንት ግሪክ ላይ ኤንኤፍኬሲን አልነካም። አራቱን በእጅ ወደ አንድ አመጣን። እኛ 8217ን መረጥን። 700ን የሚመርጡ አሉ፣ በዩኒኮድ እንደ ፊደል ስለሚቆጠር ቃሉን አይቆርጥም፤ ልክ ናቸው። ብቻ የመረጥከውን ሪድሚ በሚባለው የፕሮጀክቱ ማብራሪያ ፋይል ላይ ጻፈው። ከአንተ በኋላ የሚመጣው ልጅ አንተን ከመርገም ይድናል።

ዋናውና ጥላው ጎን ለጎን መኖራቸው የኔ ግኝት መስሎኝ ነበር። ኋላ ኮሌትኤክስን ስጀምር ነገሩ ቀድሞም የታሰበበት መሆኑን አየሁ። ኮሌትኤክስ የተለያዩ ቅጂዎችን ቃል በቃል አሰልፎ ልዩነቱን የሚያሳይ ነጻ ፕሮግራም ነው። ለእያንዳንዱ ቃል ሁለት ነገር ይቀበላል። «ቲ» የሚባለው በብራናው ላይ እንዳለ፣ «ኤን» የሚባለው የተስተካከለው። ሲያወዳድር «ኤን»ን ያያል፣ ውጤቱ ላይ «ቲ»ን ያሳያል። «ኤን»ን ባዶ ከተውክለት ግን የአክሰንት ልዩነት ሁሉ እንደ ንባብ ልዩነት ይቆጠራል፣ ሠንጠረዡም በቀይ ይሞላል። የመጀመሪያውን ውጤት ሳሳያቸው ፕሮፌሰሯ «ይህ ኩፍኝ ይመስላል» ነበር ያሉት። ምን አንድ እንደሚሆን፣ ምን እንደማይሆን ዝርዝሩን አብረን ስንሠራ አንድ ወር ሄደ። የፕሮጀክቱ ትልቁ ምሁራዊ ሥራ ያ ዝርዝር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ዳታቤዙ ላይ የሠራሁት ጥፋት ግን ይበልጣል። ያኛው ቢያንስ አስቋቸዋል።

የንባብ ልዩነት ለማስቀመጥ ቀላል ሠንጠረዥ ሠራሁ። አንድ ንባብ፣ አንድ የብራና መለያ ቁጥር። መለያ ቁጥር የሌለው ንባብ አይገባም። ንጹሕ ንድፍ ነው፣ ማንም የኮድ ገምጋሚ ያሳልፈዋል። ከዚያ አምስተኛው መስመር መጣ። ቁጣው የጀግኖችን ሥጋ ለውሾች ሲሳይ አደረገ ይላል፣ ቀጥሎም «ለአሞሮችም ሁሉ»። የብራናዎቹ ንባብ ይህ ነው። ግን ሌላ ንባብ አለ፣ «ሁሉ» በሚለው ፋንታ «ግብር»፣ ድግስ ማለት ነው፤ ለአሞሮችም ግብር አደረጋቸው። ግጥሙ የት እንደሚያምር መፍረድ ለአንባቢ ይሁን፣ እኔ ወደ ግብሩ አደላለሁ።

ጥያቄው ይህን ሁለተኛ ንባብ ማን ያዘው የሚለው ነው። እኛ የያዝነው ብራና አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ዜኖዶቶስ እንዲህ ያነብ ነበር ብሎ የነገረን አቴናዮስ የሚባል ደራሲ ነው፣ ከ400 ዓመት በላይ ዘግይቶ። ማለትም ምስክሩ የሰው ወሬ ነው፣ የተከበረ ወሬ።

እኔ ምን አደረግኩ? ሠንጠረዡ መለያ ቁጥር አምጣ ስላለኝ «ዜኖዶቶስ» የሚል ብራና ፈጠርኩና ተገላገልኩት። አርብ ማታ ነበር። ሰኞ ጠዋት የብራናዎች ዝርዝር ገጽ ላይ «ዜኖዶቶስ፤ የሚገኝበት ቤተ መጻሕፍት፦ የለም» ተብሎ ከሌሎቹ ጋር ተሰልፏል። ፕሮፌሰሯ አነበቡትና መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህን ብራና ካገኙት ይንገሩኝ፤ ነገውኑ ጡረታ እወጣለሁ» አሉኝ።

አሁን ንድፉ እንዲህ ነው። ንባብ ብቻውን ይቆማል። ከሥሩ አንድ ወይም ብዙ ምስክር ይሰቀላል። ምስክሩ ዓይነት አለው፤ ፓፒረስ፣ ብራና፣ የኅዳግ ማስታወሻ፣ የጥንት ደራሲ ጥቅስ፣ የዘመናችን ምሁር ግምት። እያንዳንዱ ምስክር ደግሞ «በማን በኩል» የሚል ቦታ አለው። በቲኢአይ የንባብ ልዩነት በሚመዘገብበት «አፕ» በሚባል ታግ ውስጥ የተመረጠው ንባብ «ሌም»፣ ሌላው «አርዲጂ» ነው፤ ብራናን የሚጠቁመው «ዊት» ሌላ፣ ኃላፊነትን የሚጠቁመው «ሬስፕ» ሌላ። እኔ ሰነዱን ሳላነብ ከራሴ ልፈጥር ሞከርኩ። የቲኢአይ መመሪያ ረጅም ነው፣ አሰልቺም ነው። ስለ አፓራተስ (የንባብ ልዩነቶች መዝገብ) የሚያወራውን ምዕራፍ ግን አንብቡት። ይህን ሁሉ ስህተት ከኛ በፊት የሠሩ ሰዎች የጻፉት ነው።

ስለ ኤክስኤምኤል ራሱ ብዙ አልልም። ጽሑፉን እንደ ዛፍ የሚያደራጅ፣ አንድ ልጅ አንድ ወላጅ ብቻ ይኑረው የሚል ግትር ነገር ነው። ግጥሙ በመስመርና በንግግር ይከፈላል፣ ብራናው በገጽ፣ ገጹ ደግሞ በንግግሩ መሀል ያልቃል። አንዱን ዛፍ ምረጥ፣ ሌላውን በባዶ ምልክት (ለገጽ «ፒቢ») እያመለከትክ እለፍ። ሁለቱንም ዛፍ እይዛለሁ ያለ ሰው ሲንገላታ አይቻለሁ።

አድራሻ ላይ ግን ከመጀመሪያው ቀን ተስማሙ። ለግሪክ ጽሑፎች ሲቲኤስ የሚባል የአድራሻ ሥርዓት አለ። የደራሲና የሥራ ቁጥሮቹ ካሊፎርኒያ ኧርቫይን ውስጥ በ1972 ከተጀመረው ቲኤልጂ ከሚባለው የግሪክ ጽሑፎች ስብስብ የመጡ ናቸው። በዚያ ቆጠራ ሆሜር 12 ነው፣ ኢሊያድ ደግሞ ከሥራዎቹ 1። እኔ መጀመሪያ ለመስመሮቹ የዳታቤዝ ተራ ቁጥር ነበር የሰጠሁት። ዳታቤዙን አንዴ እንደገና ስጭነው ቁጥሩ ሁሉ ተዛወረ፣ አንድ ተማሪ በመመረቂያ ጽሑፉ የጠቀሳቸው ሊንኮችም ሌላ መስመር ላይ አረፉ። ምሁር መስመርን የሚጠራው «1፥5» ብሎ ነው፣ ሊንኩም እንደዚያ ይሁን።

ገንዘቡ ለሦስት ዓመት ነበር የተፈቀደው። ከዚያ በኋላ ሰርቨሩን ማን ያድሳል? መልስ የሰጠኝ ሰው የለም። ስለዚህ ዳታቤዙን ለሥራ ጊዜ ብቻ አስቀረሁትና፣ ለአንባቢ የሚደርሰውን ከኤክስኤምኤሉ ሳክሰን በሚባል መቀየሪያ ፕሮግራም እያመነጨሁ ተራ የኤችቲኤምኤል ገጽ አደረግኩት። ፍለጋው እዚያው ብራውዘሩ ውስጥ ነው የሚሠራው። አዳሽ የሚፈልግ ነገር የለም፣ ፋይሉን ኮፒ አድርገህ የትም ብታስቀምጠው ይከፈታል። ባልደረቦቼ «የ1990ዎቹ ድረ ገጽ» ብለው ቀለዱብኝ። ሙሉው ኤክስኤምኤል ደግሞ ዜኖዶ የሚባል የምርምር መረጃ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ቋሚ መለያ ተሰጥቶት ተቀምጧል። የስም ነገር ሆኖ ዜኖዶ ስሙን ያገኘው ከዚያው ከዜኖዶቶስ ነው። ሰውዬው በመጨረሻ ብራና አገኘ ብዬ ለፕሮፌሰሯ ነግሬያቸዋለሁ።

የፎቶ ፈቃድን ከኮድ በፊት ጠይቁ። እኛ የአንዱን ብራና ምስል ሁሉ አሰልፈን ከጨረስን በኋላ ነው ቤተ መጻሕፍቱ «ድረ ገጽ ላይ አይወጣም» ያለን። ምስሉ በሙሉ ወጣ፣ ጽሑፉ ብቻ ቀረ። ለመለማመድ የሚፈልግ ሰው ግን ነጻ ነገር ሞልቶለታል። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈውና ቬኒስ የሚገኘው ዝነኛው የኢሊያድ ብራና፣ ቬኔተስ ኤ፣ በ2007 በሆሜር መልቲቴክስት ፕሮጀክት ፎቶ ተነስቶ ለሁሉም ክፍት ሆኗል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ግሬጎሪ ክሬን የሚመራው ፐርሴየስ የተባለው ዲጂታል ቤተ መጻሕፍትም የግሪክ ጽሑፎቹን በቲኢአይ ለሕዝብ ለቋል። አውርዱና የፊደል ቆጠራውን ሞክሩበት።

ግሪክኛ ማወቅ አለብኝ ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ለሥራው ፊደሉን፣ የአክሰንቱን ደንብና መዝገበ ቃላት አገላለጥን ማወቅ ይበቃል፤ እኔን የሁለት ወር ምሽት ፈጀብኝ። ፊደሉ ለኛ ያን ያህል ባዕድ አይደለም። የግዕዝ ቁጥሮች የግሪክ ፊደላት ናቸው፤ ግሪኮች አልፋን ለ1፣ ቤታን ለ2 ይጠቀሙ ነበር፣ ፩ና ፪ም ከዚያ የመጡ ናቸው። ይህን ካወቅኩ በኋላ የግሪክን ቁጥር በግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ እንደማየው የግዕዝ ቁጥር አነበብኩት።

ከግሪኩ ይልቅ የጠቀመኝ ከምሁራኑ አጠገብ መቀመጥ ነው። ኢሜይል አይሠራም። እነሱ «ባግ» ብለው አይጽፉም። ስክሪኑን አይተው «ይገርማል» ይላሉ፣ ዝም ይላሉ። ያቺን «ይገርማል» ለመስማት እዚያው መገኘት አለብህ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት አንድ ሰዓት እየተቀመጥን እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ አያለሁ። አብዛኛው ማስተካከያ የመጣው ከዚያ ነው።

አሁን በትርፍ ጊዜዬ የንጉሥ ኢዛናን የአክሱም ጽሑፍ በኤፒዶክ እየሞከርኩ ነው። ድንጋዩ ላይ ግሪክም ግዕዝም አለ። ለግዕዝ ብራናዎች ሃምቡርግ ያለው «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው ፕሮጀክት በዚሁ በቲኢአይ ስለሚሠራ ብዙ ነገር ከሱ እያየሁ ኮርጃለሁ። ግሪኩ «ኢዛና፣ የአክሱማውያን ንጉሥ» ብሎ ይጀምራል። ድንጋዩ ላይ ፊደሉ ሁሉ ትልቅ ነው፣ አክሰንት የለም፣ ትንፋሽ የለም፣ በቃላት መሀል ክፍተት እንኳ የለም። የንጉሡ ስም ላይ ስደርስ ቆምኩ። አክሰንቱን የት ላስቀምጥ? ማክሰኞ ይዤላቸው ሄድኩ።

«ድንጋዩ ምን ይላል?» አሉኝ።

«ምንም አይልም።»

«እንግዲያው የሚያስቀምጡት እርስዎ ነዎት። ሬስፕ የሚለው ላይ ስምዎን ይጻፉ።»

ጻፍኩ።